ገዳዩን ሳትገምቺ አይላክልሽም

ጥቅምት 8

ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ ሆዱ ላይ አሥራ አራት ቦታ የተሰፋ ሰው ደህና ሊሆን በሚችለው ልክ ደህና ነኝ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ። እጄ ላይ የግሉኮስ መርፌ ሰክተውብኝ ስለነበር ብዕር መያዝ አልቻልኩም። ልጄ እየነገርሽኝ ልጻፍልሽ ብትለኝ እምቢ አልኳት። ላንተ የምጽፈውን በሌላ ሰው እጅ አላጽፍም።

ስለ ስፌቱ ለጠየቅኸኝ፣ አዎ፣ አይቼዋለሁ። ሐኪሙ ፋሻውን ሲያነሳ አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁት። ያስጠላል። ሠላሳ ዓመት ሱሪና ቀሚስ ስሰፋ እንዲህ ያለ ነገር ለደንበኛ አስረክቤ አላውቅም። ለሐኪሙም ይህንኑ ነገርኩት፤ ሳቀና አለፈው። የቆየ የጨጓራ ቁስለት ነው፣ ቆርጠን አውጥተነዋል ይላል። ልጄም የምትለኝ ይህንኑ ነው። ብቻ ቁስሉ አንደኛው ጥግ ላይ አልገጥም ስላለ ሳምንታት ልቆይ ነው።

መጽሐፉ ደርሶልኛል፤ እንደ ልማድህ መጨረሻው የለም። አጠገቤ የተኛችው ሴትዮ ጡረታ የወጣች የስልክ ቤት ሠራተኛ ናት፤ እኔ "ባለ ስልኳ" ነው የምላት። መጽሐፉን አገላብጣ አየችና የተቀደደ መጽሐፍ ማን ሸጠልሽ አለችኝ። አልተቀደደም፣ ወንድሜ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፣ እያንዳንዱን የነፍስ ግድያ ልብ ወለድ መጀመሪያ ራሱ ያነበዋል፣ ከዚያ ክሩን ፈትቶ የመጨረሻዎቹን አሥራ ስድስት ገጾች ያወጣና ቀሪውን ይልክልኛል፣ ገዳዩን ገምቼ ካልጻፍኩለት አሥራ ስድስቱን አይልክም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው አልኳት። መጽሐፉን መለሰችልኝና፣ ሁለታችሁም ጤነኛ አይደላችሁም አለች።

ደግሞ ሰው በሚሞትበት ቤት ተኝተሽ ስለ ሬሳ ማንበብ ምን የሚሉት ነው ብላ ያዘችኝ። የኔ እመቤት፣ ይህ ሰውዬ ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፣ ለቅሶ አልደርስለት፣ ምን አስጨነቀኝ አልኳት። ከዚያ ስለ መጽሐፉ ባለታሪክ፣ ስለ ባለሚዛኗ ተረኩላት። ገበያ ለገበያ እየዞረች የነጋዴ ሚዛን የምታስተካክል ባልቴት ናት፤ ዳኛ አይደለች፣ ዘብ አይደለች፣ ደመወዝ የሚከፍላት የለ። የጣት አሻራ የለ፣ ምርመራ ክፍል የለ። ያላት ዓይኗና ሙያዋ ብቻ ነው። የማቅለሚያ ቤቱ ጌታ ሰማያዊ ቀለም በተሞላ በርሜል ውስጥ ሞቶ ሲገኝ ከተማው በሙሉ ሰክሮ ወደቀ ሲል፣ እሷ ግን የሚዛኑ ድንጋዮች አቀማመጥ አላስቀምጥ አላት። እኔን የሚገዛኝ ይሄ ነው፤ እንደኔ ያለች ሴት፣ ማንም ሳይጠይቃት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉንም አንድ ክፍል ሰብስባ የሆነውን አንድ ሳታስቀር ትናገራለች። "አንቺ አትጨነቂ፣ ዕረፊ" የሚል ሰው እዚያ የለም።

እኔ የጠረጠርኩት ሸሪኩን ነው፤ ግን ሚስቱም አላማረችኝም። ፍንጭ ብትሰጠኝ ምን አለ?

እህትህ


ጥቅምት 14

ለነገረኛዋ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ሐኪሙን በስፌት እንዳዋረድሽው ሳነብ ነፍሴ መለስ አለች። አንቺ ሰው መሳደብ ከጀመርሽማ ድነሻል።

ፍንጭ የለም። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ምክንያት፣ በጽሑፍ። "ሸሪኩ ነው ግን ሚስቱም አላማረችኝም" የሚለው ግምት አይደለም፣ ሐሜት ነው። ያኔ የደወል ቤቱን ታሪክ ስልክልሽ አራት ሰው ጠርጥረሽ አራቱንም በአንድ ደብዳቤ የጻፍሽልኝን አልረሳሁም። አሥራ ስድስቱ ገጾች መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ዕረፊው።

ስለ ጆሮዬ ባትጠይቂኝም፣ ግራው ጨርሶ ተሰናብቶኛል። ቀኙ የወረቀት መቁረጫውን ማሽን ይሰማል፣ የሰው ድምፅ ግን መርጦ ነው የሚያስገባው። ስልክማ ተይው። ባለፈው አንድ ደንበኛ ደውሎ መመረቂያ ጽሑፉን በጥቁር ሽፋን ጥረዝልኝ ሲለኝ በአረንጓዴ ጠርዤ ጉድ ሆንኩ። የድሮ ዘመን ግድያ የምወደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ማንም "ሃሎ" አይልም። የሚፈልግሽ ሰው በእግሩ ይመጣል ወይም ይጽፋል።

ከደብዳቤሽ ጋር የልጅሽም ደብዳቤ ደርሶኛል። ላንቺ ቅድሚያ ሰጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጽሕፈቷ የጉንዳን ሰልፍ ስለሆነ መነጽር መቀየር አለብኝ። ሕፃናት ፊደል የምታስተምር ልጅ እንዴት እንዲህ ትጽፋለች?

የልጅሽን ደብዳቤ አሁን አነበብኩት። ሰላምታ ነው። ሌላ ምንም የለውም። አንቺ ብቻ በደንብ ብዪ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 17

ለኔ ወለላ፣ ለውድ እህቴ፣

እንዴት አደርሽልኝ? ምግብ ይወስድልሻል? እንቅልፍስ? አደራሽን ሐኪሙ ያለሽን ሁሉ አድርጊ፣ አትከራከሪው።

የማቅለሚያ ቤቱን አሥራ ስድስት ገጾች ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ግምቱን ተይው፤ በዚህ ሁኔታሽ አእምሮሽን ማስጨነቅ የለብኝም። የባለሚዛኗ አዲሱ መጽሐፍም ወጥቷል። እሱንም ሙሉውን፣ ክሩን ሳልነካ ልኬልሻለሁ። ዝም ብለሽ እየተደሰትሽ አንብቢ። እኔ ራሴ ገና አላነበብኩትም።

ሌላውን በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። እወድሻለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 3

ለወንድሜ፣

ሰላምታ አላበዛም። ከተጻጻፍን እንዲህ ዘግይቼ አላውቅም፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም፤ ጥፋቱ ያንተ ነው። ጥቅሉ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። አሥራ ስድስቱን ገጾች አልገለጥኳቸውም፤ ትራሴ ሥር ናቸው። አዲሱንም መጽሐፍ አልነካሁትም። መልስ ያልጻፍኩት ደግሞ ፍንጭ ስቆጥር ስለከረምኩ ነው። አንተ እንደምትወደው አንድ በአንድ ልንገርህ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ግምቴን ሳታይ አንዲት ገጽ ልከህልኝ አታውቅም። ባሌ የሞተ ጊዜ እንኳ አልላክህም። "ገምቺ፣ ሐሳብሽን ይወስደዋል" ነበር ያልከኝ፤ እውነትህንም ነበር። አሁን ግን ምንም ሳልገምት ላክህልኝ። እንዲያውም ያላነበብከውን መጽሐፍ ሙሉውን ሰጠኸኝ። ለመገመት ጊዜ የላትም ብለህ ካላሰብክ በቀር ይህን አታደርግም።

ደግሞ "የኔ ወለላ" አልከኝ። እኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ከአፍህ የሰማሁት "አንቺ ነገረኛ" ነው። ለማን ነው የጻፈው ብዬ የፖስታውን አድራሻ መልሼ አየሁት።

ልጄ ነሐሴ ላይ የሰፋሁላትን ቡናማ ጉርድ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ምን ሆኖ ነው ብላት ጨርቁ ላልቶ ነው አለችኝ። እኔ የሰፋሁት ወገብ ይላላል? ልጅቷ ነች ሁለት ጣት የከሳችው። ሐኪሙ ደግሞ እኔን አይቶ ሲያበቃ እሷን ወደ ኮሪደር ይጠራታል። ባለ ስልኳ አርባ ዓመት የሰው ወሬ የሰማ ጆሮ አላት፤ በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ "ናሙናው" እና "ውጤቱ እስኪመጣ" የሚሉ ቃላት ሰምታለች። ልትነግረኝ አልፈለገችም ነበር፤ ስጨቀጭቃት ነው ያወጣችው። ለቁስለት ምን ናሙና ያስፈልገዋል?

ይህ ሁሉ ባይበቃ፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ልጄ ትስቃለች። አበባ ይዛ መጣች። ጸጉሬን እያበጠረች ታንጎራጉራለች። ትናንትና ደግሞ በበጋ አብረን የት የት እንደምንሄድ ስትነግረኝ ዋለች። ያኔ ነው የገባኝ። ውጤቱ መጥቷል፣ ተስፋ የለውም ተብላለች፣ የቀረኝን ጊዜ ልታስደስተኝ ቆርጣለች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እሷ ስትወጣ ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ጎትቼ አለቀስኩ።

ፈርቻለሁ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ሞቱን ብቻ አይደለም የምፈራው። ሁላችሁም የምታውቁትን እኔ ብቻ ሳላውቅ፣ እንደ ሕፃን እየተሸነገልኩ መሄዱ ነው አንጀቴን የሚያቆስለው። ለልጄ የምነግራት አለኝ፤ የስፌት መኪናውን ማን እንደሚወስደው፣ አባቷ የነገረኝን፣ ብዙ ነገር። እየሳቀችብኝ እንዴት ብዬ ልጀምር?

ስለዚህ እንደ ሕጋችን ልጻፍልህ። አንድ ገዳይ፣ አንድ ምክንያት፣ በጽሑፍ። ገዳዩ ካንሰር ነው። ምክንያቴ አንተ ነህ፤ መጨረሻውን ሳልገምት ላክህልኝ። ገምቻለሁ እንግዲህ። የኔን አሥራ ስድስት ገጾች ላክልኝ። ዕዳህ ነው፣ ልትከለክለኝ አትችልም። እውነቱን በራስህ እጅ ጻፍልኝ፤ የመጣው ይምጣ፣ እችለዋለሁ።

እህትህ


ኅዳር 7

እህቴ፣

ግምትሽ ስህተት ነው። ካንሰር የለብሽም። ሌላውን እስክታነቢ እንዳትሰቃዪ ብዬ ነው ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት። ካንሰር የለብሽም። የላብራቶሪው ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል። ማኅተሙን እዪው፣ ቀኑን እዪው፣ ከታች የተሰመረበትን መስመር እዪው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሳሳቺ ሳሾፍብሽ ኖሬያለሁ፤ በመሳሳትሽ እንዲህ ደስ ብሎኝ ግን አያውቅም።

አሁን የሆነውን አንድ ሳላስቀር ልንገርሽ። ሐኪሙ ሆድሽን ሲከፍት ያየው ነገር አላማረውም። ጥቅምት 9 ልጅሽን ጠርቶ፣ እኔ እንደማየው ክፉው በሽታ ሳይሆን አይቀርም፣ ናሙና ልከናል፣ ውጤቱ እስኪመጣ አትንገሪያት አላት። እሷም በዚያው ዕለት ጻፈችልኝ። ለኔ ብቻ። ያ "ሰላምታ ነው" ያልኩሽ ደብዳቤ እሱ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁሽ። ከዚያ በኋላማ ሦስት ቀን መጽሐፍ መጠረዝ አቃተኝ። መሳቢያውን ከፍቼ አሥራ ስድስቱን ገጾች ሳያቸው፣ ሳታነባቸው ብትሞትስ አልኩ። እኔ ቆልፌባት ብትሞትስ? ሮጬ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ላንቺ የሞት ደብዳቤ እየላክሁ መሆኔን አላሰብኩትም።

ውጤቱ ጥቅምት 27 መጣ። ቁስለት ነው ይላል፤ የቆየ፣ የከፋ ቁስለት። እስካሁን ስንዋሽሽ የከረምነው ውሸት እውነት ሆኖ ተገኘ። እኛ ጅሎቹ ታዲያ ምን እንበልሽ? ልጅሽ ጻፈችልኝ፤ ክፉውን ሳልነግራት ደጉን እንዴት ልንገራት፣ ቁስለት ነው ብያት የለ፣ ቁስለት ነው አለች። እኔም እውነትሽን ነው አልኳት። እሷ ደስታዋን መደበቅ ስላልቻለች አበባ ይዛ መጣች፤ እኔ ደግሞ ደስታዬን ይዤ ዝም አልኩ። ደብዳቤሽ እስኪደርሰኝ ድረስ አንቺ ምን ውስጥ እንዳለሽ አልታየኝም። ያነበብኩት ዛሬ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆሜ ነው። ደንበኛ ገብቶ ምን ሆነሃል አለኝ።

ጎረቤቴን አስደውዬ ልጅሽን አስጠየቅኋት። በየቀኑ ቁስለት ነው እላታለሁ፣ ሌላ ምን ልበላት አለች አሉ። ብትነግርሽም እንደማታምኚ አወቅሁ፤ አንቺ ከወረቀት በቀር አታምኚም። የውጤቱን ቅጂ ስለላከችልኝ እሱኑ ይኸው። ፖስታ አራት ቀን ይፈጃል፣ አራት ቀን ደግሞ አላሳድርሽም። የልጁን መመረቂያ ጽሑፍ ሊወስድ የመጣ የአውቶቡስ ሹፌር አለ፤ እግሩ ሥር ወድቄ ለመንኩት። ነገ በእጅሽ ያደርሳል።

በድዬሻለሁ። ይቅርታሽን እፈልጋለሁ፤ ለልጅቷ ግን አደራሽን አትቆጪያት። የመጀመሪያውን ደብዳቤዋን ብታዪው ወረቀቱ ረጥቦ ደርቋል።

ወንድምሽ


ኅዳር 10

ለወንድሜ፣ አንተ ውሸታም፣

ሹፌሩ ትናንትና ሳይሆን ከትናንት በስቲያ፣ ልክ አንተ ባልከው ቀን መጣ። ወደ ሴቶች ክፍል አትገባም ቢሉት በእጇ ስጥ ነው የተባልኩት ብሎ በሩ ላይ ተገትሮ አስቸገራቸው። ግድግዳ እየያዝኩ ሄጄ ተቀበልኩት። የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሹፌሩ ክፉ ወሬ ያመጣ መስሎት ደነገጠ። እንዳትሄድ፣ ቆይ፣ ደግ ነው፣ ደግ ነው ያመጣኸው አልኩት። እሱም ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የማያውቀኝ ሰው።

የላብራቶሪውን ወረቀት ለሐኪሙ ወስጄ አስነበብኩት። ማን ሰጠሽ አለኝ። ሃያ ቀን ሊሞላኝ ነው፣ ስቀብር የከረምኩት ራሴን ነው፣ እናንተ ሰው አትፈሩም ወይ አልኩት። ራሱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ በኋላ ምሳዬን ሙሉ በሙሉ በላሁ፣ የባለ ስልኳንም እርጎ ጨመርኩበት። እሷ እስካሁን ትስቃለች። አንቺና ያ ወንድምሽ ዕድሜ ልካችሁን ስለ ነፍሰ ገዳይ ያነበባችሁት ሁሉ ውሃ በላው ትለኛለች።

እውነቷን ነው። ስንት መጽሐፍ አንብቤ አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። እዚያ የሚደብቅ ሰው ሁሉ ክፉ ሥራውን ነው የሚደብቀው፤ የሳቀም፣ የከሳም፣ ዓይኑን የሰበረም አንድ የሠራው ነገር አለ። እናንተ ስትደብቁኝ የነበረው ፍርሃታችሁን ነበር። እሱን ባለሚዛኗ አላስተማረችኝም። መጽሐፎቹን ግን አልተዋቸውም፤ ይኸው ግምቴን ጻፍ፣ የማቅለሚያ ቤቱን ጌታ የገደለችው ሚስቱ ናት፣ ምክንያቱም ሰውዬው ሞተ ሲሏት የት ሞተ ሳትል የትኛው በርሜል ውስጥ አለች። ትራሴ ሥር ያሉትን ዛሬ አነባቸዋለሁ። ብሳሳትም ግድ የለኝም።

ላንተ ያለኝን ቁጣ ስመጣ በፊት ለፊት ትቀበለዋለህ፣ በቀኙ ጆሮህ። ልጄን ግን ልቆጣት በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቀጥታ መጣች፤ የሕፃናቱ ውሃ ቀለም ጣቷ ላይ እንዳለ። እኔ ሐኪሙ ሰሞኑን ትወጫለሽ ስላለኝ ቀሚሴን ለብሼ ልኩን እያየሁ ነበር። ወረቀቱን ሳሳያት ፊቷ አመድ መሰለ። የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ተውኩና፣ ስንት ቀን ለብቻሽ ያዝሽው ብቻ አልኳት።

"አሥራ ስምንት ቀን።"

እኔ ፊት አንድም ቀን አላለቀሰችም፤ የት ነበር የምታለቅሺው አልኳት። ሕፃናቱ ቀትር ላይ ሲተኙ፣ የነሱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ አለችኝ። መቀመጫው ጉልበቷ ጋ የሚደርስ ነው፤ እዚያ ላይ ኩርምት ብላ፣ እንዳይሰሙ ፎጣ አፏ ላይ አድርጋ፣ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ከነሱ ጋር ትዘምራለች። ማታ ደግሞ እኔ ጋ መጥታ ትስቃለች። እኔ ሬሳዬን ሳስብ ከርሜ ነው የተቆጣሁት፤ ይቺ ልጅ እኔን አሥራ ስምንት ቀን ለብቻዋ ስትቀብረኝ እንደነበር አላየሁም። አንጀቴን በላችው። አቅፌያት አብረን አለቀስን። ስፌቴ እስኪያመኝ።

ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክፍሏ ውስጥ ስላለ አንድ ተንኮለኛ ሕፃን ማውራት ጀመረች። መሀል ላይ ዝም አለች። ስዞር ተኝታለች። ጫማዋን አወለቅሁላት፣ ያን የመርፌ ቁልፍ እንዳይወጋት ከወገቧ ፈታሁላት፣ ብርድ ልብሱን አለበስኳትና እኔ የጠያቂው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል አልተገላበጠችም። ያን ሁሉ ጊዜ ፊቷን ሳይ ቆየሁ። ከበጋው በፊት መልሳ እንድትወፍር እንዴት እንደማበላት እያሰብኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ባለ ስልኳም ድምፅዋን አጥፍታ ተኝታ ሳለ አንዲት አዲስ ነርስ የሙቀት መለኪያዋን ይዛ ገባች። አልጋው ላይ ያለችውን ልጅ አየች፣ ወንበር ላይ ልብሴን ለብሼ የተቀመጥኩትን እኔን አየች፣ የያዘችውን ወረቀት አየች። ግራ ገባትና በሽተኛዋ የትኛዋ ናት አለችኝ።

"እዚህ በሽተኛ የለም" አልኳት። "ልጄ ደክሟት ነው።"

እህትህ